የወንዙ አዋሳኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ኃላፊው የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው፤ ማይክሮፎኑን ይዞ «ጋሼ ሙሉቀን በዚህ አገር ያልረገጡት ማሳ የለም» አለና አስጨበጨበልኝ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። በሆዴ ግን አንዱን ማሳ ምነው ባልረገጥሁት ኖሮ እል ነበር። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነው፣ እስካሁን እለብሰዋለሁ። ያ ንግግር ግን ባስታወስሁት ቁጥር ያበሽቀኛል።

ሥራዬ መሬት መለካት ነበር። መጀመሪያ በገመድ፣ ኋላ በሜትር፣ ከዚያ ጂፒኤስ በሚሉት መሣሪያ ለካሁ። ሰው ስለ መሬት ልኬታ ሲያስብ የሚታየው የወንድማማች ጠብ ነው። የወንድማማች ጠብ ቀላል ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ አንዱ አንድ ፈር ይለቃል፣ ነገሩ ያበቃል። እኔን ዕድሜ ልኬን ያንገበገበኝ «ወንዝ ዳር» የምትባል ቃል ናት።

በእጃችን የነበረው መመሪያ ማንም አራሽ ከወንዝ ዳር ይህን ያህል ሜትር ትቶ ይረስ፤ የተተወው የሕዝብ ነው፤ ከብት ይጠጣበት፣ ሰው ይቅዳበት ይላል። ሜትሩን በአኃዝም በፊደልም ጽፎታል። ዳሩ የት እንደሆነ ግን አልጻፈም። ወንዝ በነሐሴ ግንድ እያንከባለለ የሚሄድ ነው፤ በመጋቢት ደግሞ ጥጃ ዘላ ታልፈዋለች። ታዲያ ሜትሩን ከየትኛው እንጀምር? ይህን ጥያቄ ለየኃላፊው ሁሉ አቅርቤአለሁ። አንዱ «መመሪያውን ደግመህ አንብብ» አለኝ። ሌላው «የበላይ አካል እንጠይቃለን» ብሎ ሳይጠይቅ ተዛወረ። አንዱ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት ወንዙን አይቶ፣ «ይኸው አይደል እንዴ ዳሩ» ብሎኝ ሄደ።

አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ ሐይቅ ዳር ከሚሠራ ባልደረባ ጋር አንድ ወንበር ደረሰን። የእሱ ከእኔ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ሐይቁ ሲሸሽ ባለ አጥሩ አጥሩን ይዞ ይከተለዋል፤ ሐይቁ ሲመለስ ባለ አጥሩ «ውሃው መሬቴን ወሰደብኝ» ብሎ አቤት ይላል። ሕዝቡ እግሩን የሚነክርበት እስኪያጣ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻጻፋል። ሁለታችን አሠልጣኙን «ዳር ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅነው። ጥሩ ጥያቄ ነው አለና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ።

ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም በጊዜው አልሰማሁትም።

ሥራ የጀመርሁት ሞጣ ነው። እዚያ ጋሼ ልሳነወርቅ የሚባሉ አንጋፋ ቀያሽ ነበሩ፤ ገመድ ያዥ ሆኜ እሳቸው ሥር ተመደብሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከቢሮ ሲወጡ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። በስልቻቸው ሁልጊዜ በሶ አይጠፋም። የሚለኩት መሬት ባለቤት ቤት አይበሉም፤ የአዋሳኙም ቤት አይበሉም። ሰው ቅር ቢለውም፣ ቢለምንም፣ ቢያኮርፍም እሳቸው ጥላ ፈልገው በሶአቸውን በጥብጠው ይጠጣሉ። «የሰው ምሳ በልተህ ስትነሣ ገመዱ ይላላል» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ የዶሮ ወጥ ሽታ ከጓዳ እየመጣ በሶ መጠጣት እንዴት እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል።

ወንዝ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ሥራው ይቆማል። መጀመሪያ ቁጥቋጦውን ያያሉ። የክረምት ውሃ ሲሸሽ ገለባና ሣር ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ያቺን ገለባ በጣታቸው ይነካሉ። ከዚያ ውሃ ያጠበውን የዛፍ ሥር ያያሉ፣ አፈሩን በመዳፋቸው ያሻሉ፤ አሸዋው የት አብቅቶ ጥቁር አፈሩ የት እንደሚጀምር ይፈልጋሉ። ያን ሁሉ ከጨረሱ በኋላም መስመሩን በእርሳስ ነው የሚያሰምሩት። በቀለም የሚያደምቁት በነሐሴ ተመልሰው፣ ውሃውን በሙሉ ቁመቱ አይተው ነው። ኃላፊዎቹ በዚህ ይበግኑ ነበር። አንድ ማሳ ለመዝጋት ግማሽ ዓመት ይጠበቃል? ጋሼ ልሳነወርቅ «እሽ» ይላሉ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ያደርጋሉ።

የልኬታው ፎርም አራት አዋሳኝ ይጠይቃል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት እየተባለ ይሞላል። እያንዳንዱ አዋሳኝ በልኬታው ቀን ድንበሩ ላይ ቆሞ ይፈርማል። ደግ ሥርዓት ነው። ወንዝ ባለበት በኩል ግን «ወንዝ» ተብሎ ይጻፍና በፊርማው ቦታ ሰረዝ ይደረጋል። ጋሼ ልሳነወርቅ ያቺን ሰረዝ አይወዷትም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃ ቀጂ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ባለ መሬቱ እዚሁ ቆሟል እኮ። እሱን ጠይቀን እንሂድ» አልኋቸው።

«እሱ የሚያውቀው የመሬቱን ዳር ነው» አሉኝ። «የውሃውን ዳር የምትነግረን እግሯ የሚርስባት ናት። ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ስትመጣ «እሜቴ፣ ክረምት ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል?» ብለው ጠየቋት፤ ወደ ላይ ሄዳ በእግሯ አሳየችን። እዚያ ላይ ችካል ተከሉ፣ በእርሳስ አሰመሩ፣ በፊርማው ቦታ የእሷን ስም ጻፉ። ለአንዲት መስመር ግማሽ ቀን ሄደ ብዬ እስከ ሞጣ ድረስ በልቤ ሳጉረመርም መጣሁ።

ከሞጣ ጉንደ ወይን ተዛወርሁ። መንገዱ የመኪናም የሰውም አጥንት ይሰብር ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ሪፖርት የሚወድ፣ ሌላ ምንም የማይወድ ሰው ነበር። ውሎ አበል ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ከዚያ ቢቸና ገባሁ፤ ትዳርም ልጅም ያገኘሁት እዚያው ነው። በዚህ መሃል ገመድ ቀረና መሣሪያ መጣ። ቀጥሎ የልኬታ ዘመቻ ታወጀ፤ ሁሉም አራሽ ካርታ ያለው ደብተር እንዲይዝ ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዘመቻ ግን ኮታ አለው፣ ኮታም የሚሞላው እህል ከማሳ ሲነሣና መንገድ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ወንዙን ሁሉ በቀጠነበት ወራት ለካነው። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ እኔን ጨምሮ ማንም ምንም አላሰበም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ታች አምባ የሚባል መንደር አለ። ከሥሩ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል፤ የሾላ ወንዝ ይሉታል። ግራና ቀኙ ገደል ነው። ሰውና ከብት ተዝናንቶ የሚወርድበት አንድ ለጥ ያለ ቦታ ብቻ አለ፤ መውረጃው ይባላል። ከመውረጃው ጎን የቢያድግልኝ ማሳ ነው። ቢያድግልኝ በዕድሜ ከእኔ አነስ ያለ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ለእኔ በቀለለኝ ነበር።

መጋቢት ነው፣ የሁዳዴ ጾም ነው። ከጠዋት ጀምረን ስንለካ ውለን የቢያድግልኝ ማሳ ጋ ስንደርስ ጉልበታችን ዝሎ ነበር። ሦስቱን ጎን ጨረስን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢያድግልኝ «እህል ቅመሱና ቀሪውን ትጨርሱታላችሁ» ብሎ ቤቱ አስገባን። ሽሮ ነበር፣ ተልባ ነበር፣ ጠላም ነበር። በሶ አልያዝሁም፤ ከጋሼ ልሳነወርቅ ከተለየሁ በኋላ በሶ መያዝ ትቻለሁ። በላን፣ ጠጣን፣ አመሰገንን። ማንም ማንንም አልገዛም። ግን ስንነሣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ለኮታው ገና ሦስት ማሳ ቀርቶናል፤ እኔም ጠግቤአለሁ።

ወንዙ ጋ ወረድሁና ያችን ቀጭን ውሃ አየሁ። ደንቡ የሚለውን ሜትር ከእሷ ጀምሬ ቆጥሬ የድንበሩን ድንጋይ አስተከልሁ። በዚያ ሰዓት አንዲት ሴት ጀሪካን አዝለው መጡ። እትዬ አትጠገብ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ጥማድ በሬ በሰው እጅ እያሳረሱ ልጆች ያሳደጉ ናቸው።

«እስከ የት ነው የምትለካው?» አሉኝ።

«እዚህ ድረስ ነው እትዬ። ይኸው ድንጋዩ።»

ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይኼማ የወንዙ ሆድ ነው። ክረምት መጥታችሁ እዩት።»

«እትዬ፣ እርስዎ የማሳው አዋሳኝ ነዎት?»

«አይደለሁም። ቤቴ እላይ ነው።»

«እንግዲያው ፎርሙ ላይ ቦታ የለዎትም» አልኋቸው።

ይህን በገዛ አፌ ነው የተናገርሁት። በምዕራብ «ወንዝ» ብዬ ጻፍሁ፣ በፊርማው ቦታ ሰረዝ አደረግሁ፣ በቀለም። መውረጃው እንዳለ ማሳው ውስጥ ገባ። ለሕዝብ የተተወው ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት አሸዋ ሆነ።

ደብተሩ ሲወጣ ቢያድግልኝ ካርታውን ተከትሎ አጠረ፤ ባሕር ዛፍም ተከለ። ሕጋዊ ነው። መንደሩ ከዚያ በታች ባለው ገደል ከብቱን ማውረድ ጀመረ። እርሻ በሚጀመርበት ሰሞን ከእትዬ አትጠገብ በሬዎች አንዱ ከገደሉ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ፤ ታረደ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ያን ዓመት መሬታቸውን ምርቱን ለሁለት ለሚካፈል አራሽ ለእኩል ሰጡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በራሱ በሬ ለሚያሳርስ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም።

ቢሮ ድረስ መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስክወጣ ጠበቁኝ።

«አንተ ነህ አይደል፣ ቦታ የለዎትም ያልኸኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሬዬን አልጠይቅህም፤ በሬ ይሞታል። መውረጃችንን የሰጠኸው ግን አንተ ነህ። አንተው አስመልስ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁና ተሳስቻለሁ፣ ካርታው ይታረም አልሁ። እርማት የሚደረገው ባለ ይዞታው በፊርማው ሲስማማ ነው አለኝ፤ ካልተስማማ ፍርድ ቤት አለ። ቀጥሎ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙሉቀን፣ ዳሩን በበጋ በመለካታችን ተሳስተናል ብለህ ከጻፍህ፣ ስንት ወንዝ ነው የለካነው? ሁሉም ሊመጣብን ነው እኮ።» እውነቱን ነበር፤ ሁሉም ሊመጣ ይገባው ነበር። እኔ ግን ማመልከቻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

መንደሩ ቢያድግልኝን ከሰሰ። የለካው ባለሙያ ይቅረብ ተባለና ቀረብሁ። ዳኛው ካርታውን አሳዩኝና ፊርማው የእኔ መሆኑን ጠየቁ። ነው አልሁ። «ካርታው ትክክል ነው?» አሉ። «በመለኪያው መሠረት ትክክል ነው» አልሁ። ዳኛው ብልህ ሰው ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው «የሚጨምሩት ነገር አለ?» ብለው ጠበቁኝ። የሚጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የለካሁት በመጋቢት ነው፣ በነሐሴ ያ ቦታ ውሃ ነው። እትዬ አትጠገብ ከኋላዬ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። «የለም» አልሁ። መንደሩ ተረታ። መለካቱን ስሳሳት ደክሞኝ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ምሳ እንኳ ሳልበላ፣ በሙሉ አእምሮዬ ነው የዋሸሁት። ከዚህ የባሰ ነገር በሥራ ዘመኔ አላደረግሁም።

በዚያ ሳምንት ጋሼ ልሳነወርቅን ለመጠየቅ ሞጣ ሄድሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በረንዳቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅሙ ነበር። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኋቸው፤ ደንቡን አማረርሁ፣ ኃላፊዬን አማረርሁ፣ ኮታውን አማረርሁ። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ቀና አሉ።

«በየትኛው ወር ለካኸው?»

«በመጋቢት።»

«ምሳ የት በላህ?»

እጄን ሰድጄ ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ለቀምሁ። ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። «እርሳስ አጥተህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ እስከ በር ሸኙኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ፤ የኮታቸውን ቁልፎች እያሰብሁ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሥራዬን ሠራሁ። ወንዝ ዳር ስደርስ በእርሳስ ነው የማሰምረው፤ ኃላፊዎች ተቆጡኝ፣ «እሽ» አልኋቸው። ታች አምባ ግን አልተመለስሁም። በዚያ በኩል ሥራ ሲኖር ጉልበቴን ያመኝ ነበር።

ጋቢውን በተሸለምሁ ዓመት ነሐሴ ገባ። ቤት መቀመጥ አልለመድሁም፤ ሚስቴም ቤት መቀመጤን አልለመደችውም። ከእንግዲህ ማንም ኃላፊ አይቆጣኝ፣ ማንም አያዛውረኝ፤ ታዲያ ምን እጠብቃለሁ አልሁ። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ ተሳፈርሁ፤ ከአስፋልቱ ወርጄ በጭቃው ታች አምባ ገባሁ። በሶ ይዣለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት እትዬ አትጠገብ ዘንድ ነው። አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። በር ላይ ቆሜ «እትዬ፣ ፍርድ ቤት የሚጨመር ነገር ነበረኝ፤ ሳልጨምር ቀረሁ» አልኋቸው። «ሰምቻለሁ፤ ከኋላህ ነበርሁ እኮ» አሉ። ከዚያ ግባና እህል ቅመስ አሉኝ። ልኬታው ሳይስተካከል እርስዎ ቤት አልበላም አልሁ፤ ግራ ገባቸው።

የመንደሩን ሽማግሌዎች የሚመሩት ቄስ ሰው ልከው ቢያድግልኝን ጠሩልኝ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሁላችንም ወደ ወንዙ ወረድን። ውሃው እንደ ጠላ ደፍርሶ፣ አጥሩን አልፎ፣ የባሕር ዛፉን ግንዶች እስከ ወገባቸው ይዟቸው ነበር። እኔ ያስተከልሁት ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ይሽከረከራል።

ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቢያድግልኝ፣ እኛ አናስገድድህም። ፍርድ ቤትም ፈርዶልሃል። አንድ ነገር ብቻ አድርግልን። ድንጋይህ ላይ ቁምና ይህ መሬቴ ነው ብለህ ማል። ከማልህ እንሄዳለን፤ ሁለተኛም አናነሣውም።»

ቢያድግልኝ ውሃውን አየ። ደብተሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በዚህ አገር ሰው ሲምል የሚምለው በልጆቹ ላይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ መሬቴ ነው የሚል የለም። ዞሮ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን በደልሁ? እርስዎ ለክተው የሰጡኝን ነው ያጠርሁት።»

«ልክ ነህ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልነገሩኝም?» አለ። «ቤቴ እኮ ያውቁታል። እንጀራዬን በልተዋል። መጥተው ቢያድግልኝ ተሳስቻለሁ፣ መውረጃውን መልስ ቢሉኝ እምቢ እል ነበር? ክስ ነው የመጣብኝ። የተከሰሰ ሰው ምን ይላል?»

እርማት የሚደረገው ባለ ይዞታው ሲስማማ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። ኃላፊ ዘንድ ሄጃለሁ፣ ፍርድ ቤት ቆሜአለሁ፣ ሞጣ ድረስ ተጉዤ አማርሬአለሁ። ባለ ይዞታውን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ሠርቶ ያበላኝን ሰው ፊት ማየት አፍሬ፣ በእኔ እፍረት መንደር ሙሉ በገደል ሲወርድ ኖረ። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እትዬ አትጠገብንም ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቢያድግልኝ ጽፌ ባመጣሁት የእርማት ማመልከቻ ላይ የፈረመው ቄሱ ጀርባቸውን ጎንበስ አድርገውለት ወረቀቱን በእሳቸው ላይ አስደግፎ ነው። ያን ዕለት ውሃው የደረሰበትን ተከትለን የወይራ ችካል ተከልን፤ ቦታውን የመረጡት ሴቶቹ ናቸው። በማግሥቱ አጥሩን ከመውረጃው ላይ ራሱ ቢያድግልኝ አነሣው።

ነገሩ አለቀ የሚል ካለ ቢሮ ሠርቶ አያውቅም። ማመልከቻውን ይዤ ስገባ ወጣቱ ባለሙያ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ወንበሩንም ለቀቀልኝ። አንብቦ ሲጨርስ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ ሲስተሙ እርማት የሚቀበለው አዲስ ልኬታ ሲኖር ነው። መስክ የምንወጣው ደግሞ በየካቲት ነው።»

«ልጄ፣ የተሳሳትነው እኮ በበጋ ለክተን ነው።»

«ይገባኛል ጋሼ። ግን ክረምት መኪና አይመደብም።»

አጥሩ ቢነሣም ደብተሩ ካልታረመ የቢያድግልኝ ልጆች ነገ ሊያጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ እስከ የካቲት ጠበቅሁ። በየሳምንቱ ቢሮ እየሄድሁ አስታወስኋቸው፤ ዘበኛው ጡረታ የወጣሁ አይመስለውም ነበር።

በየካቲት ወጡ፣ እኔም አብሬ ወጣሁ። ወጣቱ ታብሌቱን ይዞ ውሃውን ተከትሎ ወረደ፤ ከችካሉ በጣም አልፎ፣ አሸዋው መሃል ቆመ። «ውሃው እዚህ ነው ያለው ጋሼ» አለኝ። ራሴን ያየሁት መሰለኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት እትዬ አትጠገብ ቀደሙኝ።

«ክረምት መጥታችሁ እዩት» አሉ በዱላቸው እያመለከቱ።

ወጣቱን እጁን ይዤ ቁጥቋጦው ላይ የቀረውን ገለባ አሳየሁት፤ የታጠበውን ሥር አሳየሁት፤ አፈሩን አሻሸሁለት። ኩሩ ልጅ አይደለም፤ አየ፣ ጠየቀ፣ ተመልሶ ችካሉን ተከትሎ መዘገበ። ከዚያ ፎርሙን አወጣ። ቢያድግልኝ ፈረመ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ፈረሙ፣ መንገዱ ባለበት በኩል ቀበሌው ፈረመ። በምዕራብ «ወንዝ» ብሎ ጻፈና ሰረዙን ሊያደርግ ሲል እጁን ያዝሁት።

«ሰረዙን ተወው።»

«ታዲያ ማን ይፈርማል?»

«እትዬ አትጠገብ።»

ታብሌቱን አየ፣ ፎርሙን አየ። «አዋሳኝ ናቸው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ናቸው፤ የወንዙ አዋሳኝ ናቸው» አልሁት። ሲስተሙ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም አለኝ፤ እስካሁንም አልነገረኝም። የቀለሙን ሳጥን ግን አወጣ። እትዬ አትጠገብ ዱላቸውን ለእኔ አስያዙኝና አውራ ጣታቸውን ነክረው አሳረፉ። ከኋላችን የመንደሩ ከብት እየተጋፋ በመውረጃው ይወርድ ነበር።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁንስ ትበላለህ?»

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ቤታቸው ገባሁ። ሽሮው ቀዝቅዟል፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።